በቤት የተጠመቀ ጠላና የፖሊስ ጥያቄ፦ ጥፋታችን ምኑ ላይ ነው?

የቨርጂኒያው አባት፦

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምንኖረው በቨርጂኒያ ነው። ሴት ልጃችን በ80 ቀኗ ክርስትና ልትነሣ 12 ቀን ቀርቷታል፤ እናቴም ለዚሁ በዓል ከጎጃም መጥታ አብራን ተቀምጣለች። ድግስ ያለ ጠላ አይሆንላትምና ከመጣች በሦስተኛው ቀን ጌሾ ወቅጣ ጥንስሱን ጣለች፤ ብቅሉን በፀሐይ አድርቃ፣ ገብሱን ቆልታ፣ ቂጣውን ጋግራ አንድ መቶ ሊትር የሚጠጋ ጠላ ጋራዣችን ውስጥ ጠመቀች። ቦታው ስለ ጠበበንና ጋን ስለሌለን ከፊሉን አጥልለን በክዳን በሚጠብቁ የመስታወት ጠርሙሶችና በጀሪካን ቀዳንና አሸግነው።

ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ እኔ የሌሊት ፈረቃ ላይ ሳለሁ፣ ሦስት ጠርሙሶች ተከታትለው ፈነዱ። ጎረቤታችን የጥይት ድምፅ መስሏቸው ፖሊስ ጠሩ። ሁለት ፖሊሶች መጥተው በሩን ሲያንኳኩ ባለቤቴ ሕፃኗን ይዛ ፎቅ ላይ ስለ ነበረች የከፈተላቸው የ15 ዓመት ልጄ ነው። «ጋራዡን ማየት እንችላለን?» ሲሉት «አዎ» ብሎ አስገባቸው። ያገኙት የተሰባበረ ጠርሙስ፣ የሚያረፋ ጠላ፣ በስስ ላስቲክ የታሰረ የደረቀ ጌሾ ቅጠል እና የጌሾ እንጨት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አትናገርም፤ ልጄ ደግሞ አማርኛ ይሰማል እንጂ ጠልቆ አያውቅም። እናቴ «ለልጅ ልጄ ክርስትና የጠመቅሁት ነው፤ የተረፈውን ለማኅበሩ አወጣዋለሁ፤ ማኅበርተኛው እንደሆነ በየወሩ ያዋጣል» ብላ ስታስረዳ፣ ልጄ የተረጎመው «አልኮል ትሠራለች፤ ሰዎች በየወሩ ይከፍላሉ» ብሎ ነው። ፖሊሶቹ ከዚያ በኋላ «የምታፈላው የት ነው? ማንጠሪያው የት አለ?» እያሉ ጠየቁ፤ ጠላውን ፎቶ አንሥተው፣ የጌሾውን ከረጢት ወስደው፣ የመዝገብ ቁጥር ያለበት ወረቀት ትተው ሄዱ። ስድብም ሆነ ማመናጨቅ አልነበረም፤ ግን እናቴ ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «በስተርጅናዬ ልጄን አሳሰርሁት» እያለች የቀረውን ጠላ ልትደፋው ሁለት ጊዜ ከእጇ አስጥያታለሁ።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ለቤት ድግስ ጠላ መጥመቅ በዚህ አገር ያስጠይቃል? ያልተጠየቅንበትን ነገር ሄደን ብናስረዳ ይሻላል ወይስ ዝም ብንል? የቀረውን ጠላስ ምን እናድርገው?

ዘመነ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ሰው አልተጎዳ። የእኔን ምክር ከጠየቁኝ ጠላውን ዛሬውኑ ይድፉት፤ ለክርስትናው ከመደብር ቢራ ይግዙ። ወረቀት ባልጨረስንበት አገር ከፖሊስ ጋር ክርክር መግጠም አይበጅም። ካልጠሩዎት አይሂዱ።

ብቅል ወዳድ፦

ዘመነ የተናገሩት ከስጋት መሆኑ ይገባኛል፤ ሆኖም ጠላውን መድፋቱን አጥብቄ እቃወማለሁ። የመዝገብ ቁጥር በተሰጠበት ጉዳይ ላይ ፎቶ የተነሣን ነገር ማጥፋት፣ ምንም ጥፋት የሌለበትን ሰው ጥፋት የሚሸሽግ ያስመስለዋል። እንዳለ ይቆይ።

ስለ ሕጉ የማውቀውን ልናገር፤ ኮሎራዶ ውስጥ 9 ዓመት ያህል በቤቴ ቢራም ጠላም ጠምቄአለሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮል መሥራትና መሸጥ ከልክላ ነበር። ክልከላው ሲነሣ ቤት ውስጥ ወይን መጣል ሲፈቀድ ቢራ ግን ከፈቃዱ ውጭ ቀረ፤ ለ45 ዓመታት ያህልም ቤቱ ውስጥ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ሕግ ተላላፊ ነበር። ይህን የለወጠው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በኦክቶበር 1978 የፈረሙት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ አዋቂ ሰው ብቻውን የሚኖር ከሆነ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ባሉበት ቤት ደግሞ እስከ 200 ጋሎን ቢራ ያለ ግብርና ያለ ፈቃድ ለራስና ለቤተ ሰብ መጠጫ መጥመቅ ይቻላል። 200 ጋሎን 757 ሊትር ያህል ነው፤ የእናትዎ ጠላ ከዚህ ሰባት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ክፍላተ ግዛቱም ቀስ በቀስ ሕጋቸውን ከዚህ ጋር አስማምተዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሚሲሲፒና አላባማ ሲሆኑ እነርሱም በ2013 ፈቅደዋል። ቨርጂኒያ ከፈቀደች ቆይታለች።

«ጠላ ግን ቢራ ነው ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ ቢራን ሲተረጉም ስሙ ምንም ይሁን ምን ከብቅል ወይም ብቅልን ከሚተካ ነገር የተጠመቀ፣ ከመቶ ግማሽ እጅ ወይም ከዚያ በላይ አልኮል ያለበት መጠጥ ይለዋል፤ የጃፓኖቹን ሳኬ እንኳ በስሙ ጠርቶ ከቢራ ይቆጥረዋል። ብቅል የገባበት ጠላ በዚህ አተረጓጎም ያለ ጥርጥር ቢራ ነው። ጠጅ በበኩሉ ከወይን ወገን ይመደባል፤ የጋሎኑ ገደብም ያው ሆኖ ለብቻው ይቆጠራል።

አረቄ ግን ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ያለ ፈቃድ ማንጠር በፌዴራሉ ሕግ ለራስ መጠጫም ቢሆን የተከለከለ ሲሆን በሕጉ ላይ የተጻፈው ቅጣት እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። ፖሊሶቹ ማንጠሪያ የፈለጉት ለዚህ ነው። «አልኮል ትሠራለች» የሚለውን ቃል ሲሰሙ አእምሮአቸው የሄደው ወደ ጠላ ሳይሆን ወደ አረቄ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ የማንጠሪያ እሳት ተነሥቶ የጎረቤት ቤት ሲበላ ያየ ፖሊስ ይህን ቢጠይቅ አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ ልመለስ፤ በእኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ መነሻ እነርሱ ናቸውና። እናትዎ ጥፋት አልሠሩም፤ የለመዱት ዕቃ ሌላ፣ ያገኙት ዕቃ ሌላ ሆኖባቸው ነው። የሸክላ ጋን አፉ በጨርቅና በጭቃ ቢመረግ እንኳ ይተነፍሳል፤ ጋዙ ግፊት ሳይፈጥር በቀዳዳው ሁሉ ሾልኮ ይወጣል። ክዳኑ የሚጠመዘዝ ጠርሙስና ጀሪካን ግን መውጫ አይሰጡትም። በአንድ ሊትር ውስጥ እርሾው ሊበላው የሚችል 4 ግራም ስኳር ቢቀር የጠላውን መጠን የሚያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ጠላ ደግሞ እንደ ፋብሪካ ቢራ ስላልተጣራና ስላልተቀቀለ ብቅሉ ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጡን፣ እርሾውም ያንን መብላቱን ከተጠለለ በኋላም አያቆምም። ከ10 እስከ 15 ግራም ስኳር በየሊትሩ ከቀረ የተራ ጠርሙስ መስታወት ላይችለው ይችላል፤ ሲፈነዳም ድምፁ ከጥይት የማይለይ ነው፤ ስብርባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ዛሬውኑ ጓንት አድርጋችሁ፣ ፊታችሁን ሸፍናችሁ፣ የቀሩትን ጠርሙሶች ክዳን ቀስ እያላችሁ አላሉት። ይህ ከመድፋት የተለየ ነው። ከዚያ በኋላ ለምግብ በሚሆን ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ጋዙን የሚያስወጣና አየር የማያስገባ ኤርሎክ የሚባለውን ትንሽ ፕላስቲክ ክዳኑ ላይ ሰኩበት፤ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ቢራ ጠማቂዎች ዕቃ የሚገዙበት መደብር በብዙ ከተሞች አለ፤ እናትዎንም ይዘዋቸው ቢሄዱ የገብስ ብቅሉን ዓይነት ሲያዩ ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም።

አስተርጓሚዋ፦

በፍርድ ቤትና በሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአማርኛ አስተርጉሜአለሁ፤ ጠበቃ አይደለሁም። የጻፉትን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ልጅዎ በተረጎማቸው ጥቂት ቃላት ላይ ነው።

ልጁ አልዋሸም። «ማዋጣት» እና «መክፈል» በእርሱ አማርኛ አንድ ናቸው። እኛ ማኅበር ስንል ጻድቁ ወይም መልአኩ በየወሩ የሚታሰብበትን፣ ተራ የደረሰው ሰው ድግስ የሚያወጣበትን፣ መዋጮውም ለሐዘንና ለችግር የሚውልበትን ሥርዓት ማለታችን ነው፤ ይህን አንድ ሰው በእኩለ ሌሊት፣ በፖሊስ ፊት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊተረጉመው አይችልም። የሰማው ፖሊስ ግን የተረዳው የወር ደንበኛ ያላት ሻጭ አድርጎ ነው። በቤት የተጠመቀ ቢራ መሸጥ ደግሞ በዚህ አገር ያለ ፈቃድ በጭራሽ አይፈቀድም፤ ብቅል ወዳድ የጠቀሱት ነፃነት ሁሉ ገንዘብ ከተነካበት ይፈርሳል። ስለዚህ ማስተካከል ያለብዎት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ጠላው እንዳልተሸጠ፣ ሊሸጥም እንዳልታሰበ፣ መዋጮው ከጠላው ጋር የማይገናኝ የማኅበር ገንዘብ እንደ ሆነ። ወደፊትም ሁለቱን አያገናኙ፤ ጠላ በሚቀርብበት ቀን መዋጮ አይሰብሰብ።

የሕፃን አስተርጓሚነት ሌላው ችግር ነው። ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የፖሊስ መሥሪያ ቤት ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው የቋንቋ እርዳታ ለማቅረብ ተገቢውን እርምጃ መውሰድ ይጠበቅበታል፤ ብዙዎቹም በስልክ የሚያስተረጉም ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያገናኛሉ፤ አማርኛም አለ። እናትዎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ በእንግሊዝኛ ቢያጠኑ፣ «አማርኛ ነው የምናገረው፤ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» የምትለዋን ያጥኑ።

በር ስለ መክፈት ደግሞ፦ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንደሚያዝዘው ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤት መግባት የሚችለው በአብዛኛው ባለቤቱ ከፈቀደለት ወይም ሰው ተጎድቶ ይሆናል የሚያሰኝ አስቸኳይ ምክንያት ካለ ነው። የጥይት ድምፅ ተሰማ ተብሎ መምጣታቸው ምናልባት ከሁለተኛው ሊቆጠር ይችል ይሆናል፤ የ15 ዓመት ልጅ «አዎ» ማለቱ ምን ያህል እንደሚጸና ግን ለጠበቃ የሚተው ጥያቄ ነው። ለልጅዎ ሊነግሩት የሚገባው ቀላል ነው፦ በትሕትና «ወላጆቼን ልጥራ» ብሎ ውጭ ቆሞ ማነጋገር ነውርም ጥፋትም አይደለም።

ዘመነ «ካልጠሩዎት አይሂዱ» ያሉትን በከፊል እቀበለዋለሁ። ብቻዎን አይሂዱ። አስቀድመው ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ጠበቃ ያማክሩ፤ በተለይ የመኖሪያ ወረቀት ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው በቤቱ ካለ። ከዚያ በመዝገብ ቁጥሩ ደውለው፣ ለእናትዎ አስተርጓሚ እንዲቀርብ ጠይቀው፣ ቃላቸው እንደገና እንዲመዘገብ ያድርጉ። በንግግሩ መጀመሪያ ላይ ጠላን «ባህላዊ መጠጥ» ብለው አይተርጉሙት፤ «አልኮል»ም አይበሉት። «በቤት የተጠመቀ የገብስ ቢራ» ይበሉ። ይህ ስም ፖሊሱ የሚያውቀው፣ ሕጉም የሚያውቀው ስም ነው። «ጠላ» የሚለው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የላስታዋ፦

ልጄ፣ እናትህን አይዞሽ በልልኝ። እኔም ሚኒሶታ ስመጣ የመጀመሪያውን ጠላዬን ያፈሰስሁት በፍርሃት ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌሎቹ የሕጉን ተናግረዋል፤ እኔ የጌሾውን ልናገር። ፖሊሶቹ ከረጢቱን የወሰዱት ጫት ጠርጥረው ይመስለኛል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር በአሜሪካ ሕግ ከተከለከሉት ዕፆች ጥብቅ ክፍል ውስጥ ነው፤ ደርቆ በፖስታ የሚመጣ ጫትም ስንት ሰው አሳስሯል። ስም የሌለው አረንጓዴ ቅጠል በላስቲክ ታስሮ ያየ እንግዳ ሰው ጌሾን ከዚያ እንዴት ይለየው? ጌሾ ግን ሱስ የለበትም፤ ቢራ ፋብሪካ ሆፕ የሚጨምርበትን ምክንያት እኛ በጌሾ እንፈጽመዋለን፤ ያመርረዋል፣ ከመበላሸትም ይጠብቀዋል። ፈረንጆቹ በሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይሉታል፤ ይህን ስም በወረቀት ጽፈህ ያዝ፤ ለመርማሪው «ቅጠል ነው» ከማለት ይህን ብታሳየው ይሻላል። ከእንግዲህም ከሐበሻ መደብር ስትገዙ ስሙና አስመጪው የተጻፈበትን እሽግ ግዙ፤ ወደ ሌላ ዕቃ አታዛውሩት። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣ ከሆነም በጉምሩክ ቅጹ ላይ የተክል ውጤት መሆኑን ማስመዝገብ ግድ ነው።

ለእናትህ የሚከብዳት ሌላ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። እኛ አገር ጠላ መሸጥ የድኻ ሴት እንጀራ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የምታሳድግ ሴት በደጇ እንጨት ላይ ጣሳ ደፍታ ጠላ እንዳላት ታመለክታለች፤ ፖሊሱም ጎራ ብሎ ጠጥቶ፣ ከፍሎ ይሄዳል። ይህን ያየች ሴት በጠላ ምክንያት ፖሊስ ቤቷ ሲገባ ምን እንደ ሆነ ሊገባት አይችልም። ቁጭ ብለህ አስረዳት፦ መጥመቁ አልተከለከለም፣ የተከለከለው መሸጡና አረቄ ማውጣቱ ነው በላት። ይህን ስትሰማ ትተኛለች።

ጋኑን ወይም ባልዲውን በወይራ ስታጥኑ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ አይሁን፤ ጢሱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ያስጠራል፤ እኔ ቤት ደርሷል። ለጎረቤታችሁም ሄዳችሁ ንገሯቸው። ሰውየው ክፉ አልሠሩም፤ ጥይት የሰማ ሰው ፖሊስ መጥራቱ ለእናንተም ደኅንነት ነው።

ብቅል ወዳድ፦

የላስታዋ የተናገሩት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ጠላው ወደ አዳራሽ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚጓዝ ከሆነ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይሁን። የፋብሪካ እሽግ የሌለው ጀሪካን ተሳፋሪው ዘንድ ከተገኘ በአብዛኞቹ ክፍላተ ግዛት እንደ ተከፈተ መጠጥ ሊቆጠር ይችላል። የመኪና ፍተሻ ከቤት ፍተሻ የላላ መሆኑንም እወቁ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1925 በካሮል ጉዳይ፣ ያውም በድብቅ መጠጥ ሲያጓጉዙ በተያዙ ሰዎች ክስ፣ በቂ ምክንያት ያለው ፖሊስ መኪናን ያለ ማዘዣ መፈተሽ እንደሚችል ወስኗል።

ሁለተኛ፣ ቨርጂኒያ በቤት የተጠመቀ ቢራ ከቤት ሲወጣና ለሰው ሲሰጥ የራሷ የመጠን ገደብ አላት። የአሜሪካ የቤት ቢራ ጠማቂዎች ማኅበር የየክፍለ ግዛቱን ሕግ በድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል፤ ለክርስትናው ስንት ሰው እንደሚመጣ ከመወሰናችሁ በፊት የቨርጂኒያውን አንብቡ። ከ21 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ጌሾ ያልገባበት ኬኔቶ ይዘጋጅ፤ የ15 ዓመቱ ልጅዎ ብርጭቆ ይዞ ፎቶ እንዳይነሣ።

የቨርጂኒያው አባት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት የሆነውን ልንገራችሁ።

ክዳኖቹን በዚያው ዕለት ማታ አላላናቸው፤ ሁለቱ ሲከፈቱ አረፋቸው ጣሪያ ደረሰ። ሰኞ ጠበቃ አማከርሁ፤ እርሷም የአስተርጓሚዋን ምክር አጸናችልኝና ከእኔ ጋር ሆና ደወለች። ረቡዕ እናቴ በስልክ አስተርጓሚ አማካይነት ቃሏን ሰጠች። መጀመሪያ የተናገረችው «የገብስ ቢራ ነው» የሚለውን ነበር፤ ሰኞ ማታ ከልጄ ጋር ሲያጠኑት አምሽተዋል። ስለ ማኅበሩ ስትጠየቅ እስከ ዛሬ ለእኔም ያልነገረችኝን፣ አባቴ በሞቱ ጊዜ ማኅበርተኛው እንዴት እንዳነሣት ተናገረች፤ አስተርጓሚውም ምንም ሳያስቀር ተረጎመው። መርማሪው የከረጢቱ ምርመራ የተከለከለ ነገር እንዳላሳየ፣ ክስም እንደማይኖር ነግሮን የጌሾን ስም እንዴት እንደሚጻፍ ፊደል በፊደል ጠይቆ መዝገቡ ላይ አሰፈረው። ከረጢቱን ዓርብ ወስደነዋል።

ከጎረቤታችንም ጋር ተነጋግረናል። ሰውየው የሞተ አባታቸው በጓዳቸው ቢራ ይጠምቁ እንደ ነበርና እርሳቸውም በልጅነታቸው የጠርሙስ ፍንዳታ እንደሚያውቁ፣ ነገር ግን በሌሊት ትዝ እንዳላላቸው አጫወቱን፤ እናቴም በአገራችን ወግ ለክርስትናው ጠራቻቸው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ ብቅል ወዳድ። ትናንት አዲስ ጥንስስ በባልዲ ተጥሏል፤ ኤርሎኩም ተሰክቶበታል። እናቴ ግን ድፍድፉ ሲነሣ ወደ ላይ ገንፍሎ ያንን ትንሽ ቧንቧ ይደፍነዋል ብላ ሰግታለች። ለ30 ሊትር ድፍድፍ ስንት ሊትር የሚይዝ ባልዲ ይበቃል?

ብቅል ወዳድ፦

እናትዎ ትክክል ናቸው፤ ገለባና ቂጣ ያለበት ድፍድፍ ከቢራ ይልቅ ይገነፍላል። ከባልዲው ቢያንስ ሲሶው ባዶ ይሁን፤ ለ30 ሊትር ከ45 ሊትር የማያንስ ይግዙ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በኤርሎኩ ፋንታ ወፍራም ቱቦ ሰክተው ጫፉን ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ይንከሩት፤ ሙላቱ ሲበርድ ኤርሎኩን ይመልሱ።